በፖከር የመጨረሻ ዙሮች ላይ ስለሚደረግ ትንሽ ውርርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ገደብ በሌለው ቴክሳስ ሆልደም ውስጥ አራተኛውና አምስተኛው የጋራ ካርታ ከተገለጠ በኋላ፣ ማለትም ተጫዋቾች ተርንና ሪቨር በሚሏቸው ዙሮች ላይ፣ ከፖቱ አንጻር አነስተኛ ገንዘብ ስለ መወራረድ የሚነሡ ናቸው። አንባቢው የጨዋታውን መሠረታዊ ሕግ ያውቃል ብለን እንነሣለን። ለአጻጻፍ እንዲመች ሳይወራረዱ ተራን ማሳለፍን «ማለፍ»፣ የተጋጣሚን ውርርድ እኩል መክፈልን «መቀበል»፣ ከፍ አድርጎ መመለስን «መጨመር»፣ ካርታን ትቶ መውጣትን «መጣል» እንላለን። ፖት የምንለው እስከዚያ ቅጽበት ድረስ በጠረጴዛው መሃል የተጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ ነው።

ትንሽ ውርርድ የሚባለው ምን ያህል ነው?

መለኪያው የብሩ ወይም የዶላሩ ብዛት ሳይሆን ከፖቱ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። በ40 ዶላር ፖት ላይ 10 ዶላር ትንሽ ውርርድ ሲሆን፣ በ12 ዶላር ፖት ላይ ግን ያው 10 ዶላር ትልቅ ነው። በተለምዶ ከፖቱ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርሰው ትንሽ ይባላል፤ እኛም በምሳሌዎቻችን ውስጥ ሩቡን እንይዛለን።

የንጽጽሩ ጥቅም ለተጋጣሚ የምናቀርበውን ዋጋ በግልጽ ማሳየቱ ነው። በ40 ዶላር ፖት ላይ 10 ስንወራረድ፣ የሚቀበለን ሰው በመጨረሻ 60 ዶላር ለሚሆነው ፖት 10 ዶላር ያዋጣል ማለት ስለሆነ፣ ከስድስት ጊዜ አንዴ ወይም 16.7 በመቶ ያህል ቢያሸንፍ አይከስርም። ግማሽ ፖት ብንወራረድ 25 በመቶ፣ ሙሉ ፖት ብንወራረድ ደግሞ 33.3 በመቶ ማሸነፍ ያስፈልገዋል። ውርርዱ ባነሰ ቁጥር ተጋጣሚው በደካማ እጅም መቀበል ይገባዋል ማለት ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ የሚነሣው ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ጠንካራ እጅ ካለኝ ብዙ እወራረዳለሁ፣ ከሌለኝ አልፋለሁ፤ ታዲያ መሃል ላይ ያለው ትንሽ ውርርድ ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱም አብዛኛው እጅ ከሁለቱም ወገን ስለማይሆን ነው። ሪቨር ላይ ስንደርስ ሦስት ተመሳሳይ ካርታ ወይም ፍላሽ ይዘን የምንገኘው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በእጃችን ያለው አንድ ጥንድ ነው፤ እሱም ከብዙ እጆች ይበልጣል፣ ከጥቂት እጆች ደግሞ ያንሳል። እንዲህ ባለው እጅ ትልቅ ውርርድ ብናደርግ የምንበልጣቸው ሁሉ ይጥሉና የሚበልጡን ብቻ ይቀበሉናል። ብናልፍ ደግሞ የምንበልጣቸው ሰዎች ምንም ሳይከፍሉ ካርታቸውን ይገልጣሉ፤ የሚበልጡን ደግሞ ዋጋውን ራሳቸው ወስነው ይጠይቁናል። ትንሹ ውርርድ ከደካማው እጅ ስስ ትርፍ ይሰበስባል፤ ከጠንካራው እጅ ሊመጣ የሚችለውን ውድ ጥያቄም በርካሽ ዋጋ ይቀድማል። ተጫዋቾች ይህን ሁለተኛውን ተግባር «ብሎክ ቤት» ይሉታል፤ እኛ መከላከያ ውርርድ እንለዋለን።

ነገሩ በሒሳብም ተጠንቷል። የሒሳብ ሊቁ ጆን ቮን ኖይማን በሠራው ቀለል ያለ የፖከር ሞዴል ውስጥ የውርርዱ መጠን አስቀድሞ የተወሰነ ስለነበር፣ ትክክለኛው ስልት በጣም ጠንካራውንና በጣም ደካማውን እጅ ይዞ መወራረድ፣ መካከለኛውን ይዞ ማለፍ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዶናልድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ሞዴል ግን ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል መወራረድ ይችላል፤ መልሱም በዚያው ልክ ተቀየረ። እጁ በጣም ጠንካራ የሆነ ሰው በጣም ትልቅ ይወራረዳል፣ እጁ ከመካከለኛ በጥቂቱ ብቻ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ትንሽ ይወራረዳል፣ ለእያንዳንዱ መጠንም የሚመጣጠን ብሉፍ፣ ማለትም ተጋጣሚን ለማስጣል በደካማ እጅ የሚደረግ ውርርድ፣ አለው። የውርርዱ መጠን ከእጁ ጥንካሬ ጋር ይሄዳል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያሳዩን ይችላሉ?

የግዴታ ውርርዶቹ 1 እና 3 ዶላር በሆኑበት ጠረጴዛ ላይ ነን፤ 3 ዶላር ያስቀመጥነው እኛ ስለሆንን ከፍሎፕ (ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) በኋላ ቀድመን የምንናገረውም እኛው ነን። በመጨረሻው ተራ ላይ የተቀመጠው ተጫዋች 10 ዶላር ይላል፣ እኛ በኪንግና በ10 እንቀበላለን፣ ሌሎቹ ይጥላሉ። ፍሎፑ ኪንግ፣ 8 እና 5 ይዞ ይወጣል። እናልፋለን፣ እሱ 10 ይወራረዳል፣ እንቀበላለን። ተርን ላይ 3 ይመጣና ሁለታችንም እናልፋለን። ሪቨር ላይ ጃክ ይወጣል። ፍላሽ ሊሠራ አይችልም፣ ፖቱ 40 ዶላር አካባቢ ነው፣ ተራው የእኛ ነው።

ተጋጣሚያችን ተርን ላይ ማለፉ ብዙ ይናገራል። ኤስና ኪንግ ወይም ሦስት ተመሳሳይ ካርታ ይዞ ቢሆን ኖሮ በአብዛኛው ውርርዱን ይቀጥል ነበር። ስለዚህ በእጁ ይኖራሉ ብለን የምንገምታቸው ጥንድ 9፣ ጥንድ 10፣ ኤስና 8፣ አሁን ጥንድ ያገኘ ጃክ፣ ወይም 7 እና 6 ይዞ ስትሬት ሲጠብቅ የቀረበት እጅ ናቸው። እነዚህን ሁሉ እንበልጣለን። የሚበልጡን ተርን ላይ የተቆጠበ ኪንግና ኩዊን፣ አሁን ሁለት ጥንድ የሆነ ኪንግና ጃክ፣ እና ጥቂት ሌሎች ናቸው። 30 ዶላር ብንወራረድ ጥንድ 9 ወይም ኤስና 8 የያዘ ሰው ሳያመነታ ይጥላል። ብናልፍ አብሮን ያልፍና ካርታ እንገልጣለን። 10 ዶላር ብንወራረድ ግን ያ ሰው 60 የሚሆነውን ፖት በ10 ዶላር መፈተን ስለሚችል በአብዛኛው ይከፍላል።

ትንሹ ውርርድ ከማለፍ እንደሚሻል በቁጥር እንዴት ይረጋገጣል?

ለስሌት እንዲመች ተጋጣሚው ሊይዛቸው የሚችላቸው 20 የካርታ ጥምረቶች አሉ እንበል። አሥሩ ከእኛ የሚያንሱ ጥንዶች፣ ስድስቱ የሚበልጡን፣ አራቱ ደግሞ የጠበቁት ካርታ ያልመጣላቸው ባዶ እጆች ናቸው።

ብናልፍ አሥሩ አብረው ያልፋሉ፣ ከእያንዳንዳቸውም 40 ዶላሩን እንወስዳለን። ስድስቱ ለትርፍ፣ አራቱ ለብሉፍ 30 ዶላር ይወራረዳሉ። ከአሥሩ ውርርድ አራቱ ብሉፍ ስለሆኑና ለመቀበል የሚያስፈልገን 30 በመቶ ብቻ ስለሆነ እንቀበላለን። ከስድስቱ ጋር በየጊዜው 30 እናጣለን፣ ከአራቱ በየጊዜው 70 እናገኛለን። ድምሩ 400 ሲቀነስ 180 ሲደመር 280፣ ማለትም 500 ይሆናል፤ ለ20 ሲካፈል በአማካይ 25 ዶላር ነው።

10 ዶላር ብንወራረድ አሥሩ ይቀበላሉ፣ ከእያንዳንዳቸው 50 እንወስዳለን። ስድስቱ ቢቀበሉም ቢጨምሩም የምናጣው 10 ብቻ ነው፣ ቢጨምሩ እንጥላለንና። አራቱ ይጥላሉ፣ 40 እናገኛለን። ድምሩ 500 ሲቀነስ 60 ሲደመር 160፣ ማለትም 600 ነው፤ በአማካይ 30 ዶላር።

30 ዶላር ብንወራረድስ? ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ተቀብለው ሰባቱ ቢጥሉ፣ ስድስቱ ቢቀበሉና አራቱ ቢጥሉ፣ ድምሩ 470፣ አማካዩም 23.50 ዶላር ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ትልቁ ውርርድ ዝም ብሎ ከማለፍ እንኳ ማነሱ ነው።

ይህ ስሌት ግን አንድ የሚያዳልጥ ቦታ አለው፤ ትንሽ ውርርድን የሚያስተምሩ ብዙዎች ስለሚዘሉት እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አራቱ ባዶ እጆች በመጣል ፈንታ በድፍረት ቢጨምሩብን፣ እኛም ብንጥል፣ ከእነሱ የምናገኘው 160 ዶላር ይቀርና በምትኩ 40 ዶላር እናጣለን። ድምሩ 400፣ አማካዩ 20 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ከማለፍ በ5 ዶላር ያንሳል። እንግዲህ መከላከያ ውርርድ የሚሠራው ሪቨር ላይ በባዶ እጅ መጨመርን በማይደፍር ተጋጣሚ ላይ ነው። የሚደፍር ሰው ሲገጥመን አልፈን ብሉፉን መቀበል ይሻላል።

ሲወራረዱ ቢያንስ በግማሹ መብለጥ ያስፈልጋል ይባል የለም? በዚያ ምሳሌ ላይ ያ ተጠብቋል?

ተጠብቋል፤ ከሚቀበሉን 16 ጥምረቶች አሥሩን እንበልጣለን። ይሁንና «ከሚቀበሉኝ ከግማሽ በላይ መብለጥ አለብኝ» የሚለው ደንብ የሚያገለግለው በዙሩ መጨረሻ ላይ ለሚናገር ሰው ነው። እሱ ቢያልፍ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፣ ተጨማሪ አያጣም። ቀድሞ የሚናገር ሰው ግን ቢያልፍም ከወጪ አያመልጥም፤ ተጋጣሚው 30 ይወራረድና ያስከፍለዋል። ስለዚህ 10 ዶላሩን ከዜሮ ጋር ሳይሆን ካለፈ በኋላ ከሚያወጣው 30 ጋር ማወዳደር ይኖርበታል፤ በዚህም ምክንያት ከሚቀበሉት እጆች ከግማሽ በታች የሚበልጥበት ጊዜ እንኳ ትንሹ ውርርድ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ከተጋጣሚዬ በኋላ የምናገር ከሆንኩ ትንሽ መወራረድ ጥቅም አለው?

የመከላከል ምክንያቱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ስስ ትርፍ ብቻ ነው። ተጋጣሚው አልፎልን ከሆነ ማለፍ በነጻ ካርታ ያስገልጠናል፤ ስለዚህ የምንወራረደው የሚያንሱ እጆች ይከፍላሉ ብለን ስናምን ብቻ ይሁን። ተጋጣሚው አልፎ ከጠበቀን በኋላ የመጨመር ልማድ ካለው ደግሞ በነጻ ልናገኘው የምንችለውን ፍጻሜ በገንዘብ ወደ አስቸጋሪ ውሳኔ እንለውጠዋለን።

ትንሽ ተወራርጄ ቢጨምርብኝ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ዋጋውን አስሉ። በ40 ዶላር ፖት ላይ 10 ተወራርደን ተጋጣሚው ወደ 40 ቢያደርሰው፣ በመሃል ያለው 90 ዶላር ነው፣ እኛ የምንጨምረው 30 ስለሆነ 25 በመቶ ማሸነፍ ይበቃናል። ሕጉ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ጭማሪ አድርጎ ወደ 20 ብቻ ቢያደርሰው ደግሞ 70 ዶላር ለማግኘት 10 እንከፍላለን፣ 12.5 በመቶ ይበቃል።

ቁጥሩ ይህ ቢሆንም በአነስተኛ ገንዘብ በሚጫወቱ ጠረጴዛዎች ላይ ሪቨር ላይ የሚመጣ ጭማሪ እጅግ በአብዛኛው እውነተኛ ጥንካሬ ነው። አንድ ጥንድ ይዞ ይህን ጭማሪ በጉጉት መቀበል ለረጅም ጊዜ ገንዘብ የሚያፈስ ልማድ ነው፤ ለመጣል ተዘጋጅቶ መወራረድ ይገባል። የሚከብደው በንቁና በደፋር ተጫዋች ፊት ነው። እሱ ትንሿን ውርርዳችንን ባየ ቁጥር «መካከለኛ እጅ ነው» ብሎ የሚጨምር ከሆነ መፍትሔው ትንሽ የምንወራረድባቸው እጆች ውስጥ ጥቂት ጠንካሮችን መጨመር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ኪንግና 8 ይዘን ሁለት ጥንድ ቢኖረን ኖሮ ለዚህ የተመቸ እጅ ነበር። ኪንጉና 8ቱ በእኛ እጅ ስላሉ ተጋጣሚው እነዚህን የመያዝ ዕድሉ ያንሳል፤ ትልቅ ውርርድ የሚቀበል እጅም እምብዛም አይኖረውም፤ የሚቀሩት ጃክና ጥንድ 9 የመሳሰሉት ደግሞ የሚከፍሉት ትንሽ ዋጋ ብቻ ነው። ከተጨመረብን በደስታ እንመልሳለን።

በጣም ጠንካራ እጅ ይዤ እንዲጨምርብኝ ለማባበል ትንሽ ብወራረድስ?

ይህን የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው፤ መልሳችን በአብዛኛው «አይሁን» የሚል ነው። ፉል ሃውስ ይዘን በ40 ዶላር ፖት ላይ 30 ብንወራረድና ተጋጣሚው በግማሹ ጊዜ ቢቀበል ከውርርዱ በአማካይ 15 ዶላር እናገኛለን። 10 ብንወራረድና ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ቢቀበል 8 ዶላር ነው። የጎደለንን 7 ዶላር ለመሙላት ተጋጣሚው ወደ 40 እየጨመረ ተጨማሪ 30 ዶላር ሊያስገባልን ይገባል፤ ያም ከጠቅላላው ጊዜ በ23 በመቶ ያህል፣ ከአራት ጊዜ ወደ አንዴ በሚጠጋ፣ መሆን አለበት። ሪቨር ላይ ይህን ያህል ጊዜ የሚጨምር ተጫዋች ብርቅ ነው። ሰውዬውን ለይተን ካላወቅነው በቀር በጠንካራ እጅ ትልቅ እንወራረድ።

በባዶ እጅ ትንሽ መወራረድ ይሠራል?

ለብሉፍ የሚያስፈልገው የስኬት መጠን ዝቅተኛ ነው። 10 ዶላር አውጥተን 40 ለመውሰድ ስንሞክር ተጋጣሚው ከአምስት ጊዜ አንዴ ቢጥል ባዶ ለባዶ እንወጣለን። በመጽሐፍ ቀመር ደግሞ በሩብ ፖት ስንወራረድ ለአምስት የትርፍ እጅ አንድ ብሉፍ ይመጣጠናል፤ በሙሉ ፖት ስንወራረድ ግን ለሁለት የትርፍ እጅ አንድ ብሉፍ ይሆናል። ትንሽ ውርርድ ብዙ ብሉፍ አይሸከምም ማለት ነው።

የሚሠራበት ቦታ አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ያልመጣ ካርታ ሲጠብቁ ቆይተው በእኛ እጅ ያለው ትልቁ ካርታ 7፣ በተጋጣሚው እጅ ያለው ደግሞ ጃክ ወይም ኩዊን ሆኖ ሲቀር ነው። ያ እጅ ከእኛ ይበልጣል፣ ነገር ግን ማንኛውንም ውርርድ መቀበል ይከብደዋል፣ እሱን ለማስጣል 30 ዶላር ማውጣት ትርፍ ወጪ ነው። ጥንድ የያዘውን ሰው ግን በ10 ዶላር አናስጥለውም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው «ርካሽ ነው፣ ልየው» ብሎ ይከፍላል። ያንን ጉጉት ለትርፍ እንጠቀምበት እንጂ በባዶ እጅ አንጋፈጠው።

ተርን ላይስ ተመሳሳይ ነው?

አይደለም፤ አንድ ካርታ ገና ስለሚቀር ትንሽ ውርርድ ለሚጠብቁ እጆች ዋጋ መቁረጥ ነው። አራት ተመሳሳይ ቀለም ይዞ ፍላሽ የሚጠብቅ ሰው ከማያያቸው 46 ካርታዎች ዘጠኙ ይጠቅሙታል፣ ያም 19.6 በመቶ ነው። በሩብ ፖት ስንወራረድ የሚፈልገው 16.7 በመቶ ስለሆነ ለመቀበል የሚያበቃውን ዋጋ ራሳችን ሰጠነው ማለት ነው። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት የሚጠብቅም በስምንት ካርታ 17.4 በመቶ ስላለው ይቀበላል። ግማሽ ፖት ብንወራረድ ግን 25 በመቶ ስለሚፈለግበት፣ ሪቨር ላይ ተጨማሪ ገንዘብ አወጣለሁ ብሎ ካላሰበ በቀር መቀበሉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ቀለም ወይም ተያያዥ ቁጥሮች ባሉበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥንድ ይዞ ተርን ላይ ትንሽ መወራረድ ለሚጠብቁት እጆች የሚሰጥ ስጦታ ነው።

የጋራ ካርታዎቹ ኪንግ፣ 7፣ 2 እና እንደገና 7 በሆኑበትና ቀለማቸውም በተለያየበት ጊዜ ግን የሚጠብቅ እጅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያንሰን ሰው የሚረዱት ካርታዎች ጥቂት ስለሆኑ ትንሹ ውርርድ ያለ ስጋት ገንዘብ ይሰበስባል።

ተጋጣሚዬ ሪቨር ላይ ትንሽ ቢወራረድብኝ እንዴት ልመልስ?

በንድፈ ሐሳብ ከሩብ ፖት ውርርድ ፊት ከእጆቻችን ቢያንስ 80 በመቶ ያህሉን ሳንጥል መቀጠል አለብን፤ ከ20 በመቶ በላይ ከጣልን ተጋጣሚው በማንኛውም ሁለት ካርታ እየተወራረደ ያተርፍብናል። ለሲሶ ፖት 75 በመቶ፣ ለግማሽ ፖት 66.7 በመቶ፣ ለሙሉ ፖት 50 በመቶ ነው። በተግባር ግን ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ትንሽ የሚወራረደው መካከለኛ እጅ ይዞ ርካሽ ፍጻሜ ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ለጭማሪ ይንበረከካል፣ የሚያስፈራ ካርታ በወጣበት ጊዜ ወደ 40 ወይም 50 ብናደርስበት ብዙ ጊዜ ይጥላል። ሁለተኛው ልምድ የሌለውና በጠንካራ እጅ «እንዳይሸሽብኝ» ብሎ ትንሽ የሚወራረድ ሰው ነው። በእርሱ ላይ ብሉፍ መሞከር ገንዘብ መጣል ነው። ሁለቱን የሚለየን ካርታ በተገለጠ ቁጥር ማን በምን እጅ ምን ያህል እንደተወራረደ ማስተዋል ነው፤ ጨዋታ ውስጥ ባልገባንባቸው ዙሮች ይህንን ማየት ከስልክ ጋር ከመቀመጥ እጅግ ይበልጣል።

በፖቱ ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ ካለስ?

ብሉፍን እርሱት። ሁለት ተጋጣሚዎች እያንዳንዳቸው 45 በመቶ ጊዜ ቢጥሉ ሁለቱ አንድ ላይ የሚጥሉት 20 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ለስስ ትርፍም ቢሆን ከሁለቱ አንዱ የሚበልጥ እጅ የመያዙ ዕድል ስለሚጨምር ከተለመደው የተሻለ እጅ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሮች ስለዚህ ጉዳይ ምን አሳዩን?

በፒትስበርግ የሚገኘው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 አራት ስመ ጥር ባለሙያዎችን አንድ ለአንድ በገጠመበት 120,000 ዙር በሚሆን ውድድር አሸነፈ። ባለሙያዎቹን ካስጨነቋቸው ነገሮች አንዱ ፕሮግራሙ በሰው ዘንድ ካልተለመዱ በጣም ትናንሽና ከፖቱ በላይ ከሆኑ መጠኖች መካከል በነጻነት መምረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ያው ዩኒቨርሲቲ ከፌስቡክ ጋር የሠራው ፕሉሪበስ በስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ባለሙያዎችን በለጠ። ተመራማሪዎቹ እንደገለጹት ፕሉሪበስ፣ ቀድሞ በነበረው ዙር የተጋጣሚን ውርርድ ተቀብሎ በሚቀጥለው ዙር ላይ ቀድሞ መወራረድን፣ ማለትም ባለሙያዎች የጀማሪ ስሕተት አድርገው ሲቆጥሩት የኖሩትን እርምጃ፣ ከሰዎች በብዙ እጥፍ ይጠቀምበታል። በኪንግና 10 ምሳሌያችን ሪቨር ላይ ያደረግነው ውርርድ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ግን ልክ አለው። ፕሮግራሞቹ ትንሽ የሚወራረዱት መካከለኛውንም ጠንካራውንም ባዶውንም እጅ በትክክለኛ መጠን ቀላቅለው ነው። መጠኑን ብቻ ቀድቶ ቅልቅሉን የተወ ሰው በቀላሉ የሚነበብ ይሆናል።

በውድድር መጨረሻ ላይ ይለያል?

ይለያል። በውድድር ውስጥ ቺፕ በቀጥታ ገንዘብ አይደለም፤ ሽልማቱ በደረጃ ስለሚከፋፈል ከመጨረሻው ጠረጴዛ የመባረር ጉዳት ቺፕን በእጥፍ ከማሳደግ ጥቅም ይበልጣል። ስለዚህ መካከለኛ እጅ ይዞ ፖቱን ትንሽ አድርጎ ማቆየት ከጥሬ ገንዘብ ጨዋታ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ተጋጣሚዎችም በውድድሩ ያላቸውን ቦታ ለአደጋ ማጋለጥ ስለማይፈልጉ በባዶ እጅ መጨመር ይፈራሉ። ጥንቃቄው ከፊታችን የቀረው ቺፕ ከፖቱ ግማሽ በታች ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ተወራርደን ተጋጣሚው ሁሉንም ቺፕ ቢያስገባብን የሚጠየቀው ዋጋ በጣም ርካሽ ስለሚሆን መጣል አንችልም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ማለፍ ወይም ሁሉንም ማስገባት ይሻላል።

በካዚኖ ጠረጴዛ ላይ ስወራረድ ልጠነቀቅባቸው የሚገቡ ደንቦች አሉ?

መጠኑን ቺፕ ከመንካታችሁ በፊት በቃል ተናገሩ። የ25 ዶላር ቺፕ አንድ ብቻ ሳይናገሩ ወደ መሃል ቢያስገቡና ውርርዱን የከፈቱት እርስዎ ቢሆኑ፣ 10 ለማለት አስበው እንኳ ውርርዱ 25 ሆኖ ይቆጠራል። በተጋጣሚ ውርርድ ላይ ያንኑ ቢያደርጉ ደግሞ እንደ መቀበል ብቻ ይወሰዳል። ቺፖችን በሁለት እንቅስቃሴ ከፍሎ ማስገባትም ስለማይፈቀድ አከፋፋዩ የመጀመሪያውን ብቻ ይቆጥራል። ዝቅተኛው ውርርድ ከትልቁ የግዴታ ውርርድ ጋር እኩል ነው፤ 1 እና 3 ዶላር በሆነበት ጠረጴዛ ላይ 2 ዶላር መወራረድ አይቻልም።

ካዚኖው ከየፖቱ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ድርሻ ይወስዳል። ጣሪያው ካልሞላ ሪቨር ላይ ከምታስገቡትም ይቆረጣል፤ ስለዚህ በጣም ትንሽ በሆነ ፖት ላይ ስስ ትርፍ ማሳደድ ወረቀት ላይ እንደሚታየው አያዋጣም።

ያለ ገንዘብ እንዴት ልለማመድ?

ከተጫወቷቸው ዙሮች ሪቨር ላይ የከበደዎትን አንድ ይምረጡ፤ የጋራ ካርታዎቹን፣ ፖቱንና ቀደም ብሎ የተደረገውን ሁሉ ይጻፉ። ከዚያ ተጋጣሚው ሊይዛቸው የሚችሉትን እጆች በሦስት ክፍል ይደርድሩ፦ የሚያንሱና የሚከፍሉ፣ የሚበልጡ፣ ባዶ የሆኑ። ሲቆጥሩ አንድ ጥንድ በእጅ የሚያዝባቸው መንገዶች ስድስት፣ ሁለት የተለያዩ ካርታዎች የሚያዙባቸው ደግሞ 16 መሆናቸውንና በጠረጴዛው ወይም በእርስዎ እጅ ያለ ካርታ ይህን ቁጥር እንደሚቀንስ ያስቡ። ለምሳሌ ኪንግ አንዱ በጠረጴዛ፣ አንዱ በእጅዎ ካለ፣ ተጋጣሚው ኪንግና ኩዊን የሚይዝባቸው መንገዶች ከ16 ወደ ስምንት ይወርዳሉ። ከዚህ በኋላ ከላይ እንዳደረግነው ማለፍን፣ 10 ዶላርንና 30 ዶላርን ለየብቻ ያስሉ። ባዶዎቹ እጆች ቢጨምሩ የሚለውን አራተኛውን ስሌት አይተዉት፤ ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን የሚለውጠው እሱ ነው።